በስፖንጃ ዱላ ላይ የታሰረው መነጽር

በዚህ ነገር ውስጥ የገባነውን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ልጥራ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ማሽን የምጠግን፣ የማውቀውን ሁሉ ያለ አስተማሪ የተማርሁ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ሰላም ከተገኘ እውነት ቢዘገይም ግድ የላትም። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አራተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ሰው ሳይጠራው የሚያስታርቅ። አምስተኛዋ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ፣ ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ናት፤ እንደኛው ከጎንደር የመጣች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታዘው ሰው አጥታ ሰፈሩን የምታዝ። ከነዚህ ሌላ ሦስት ሽማግሎች አሉ፤ በአንድ አፍ ስለተናገሩ እንደ አንድ ሰው እቆጥራቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

የጠቡ መነሻ ስጦታ ነው። አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ገና ክሬንና የአሸዋ ክምር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ የባለቤቴ ወንድም ከገበያ ማዕከሉ ረጅም ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ለልጄ ቴሌስኮፕ ገዝቶላት ነው። ሣጥኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቱ ሰፌድ አክሎ ተሥሏል፤ ከሥሩም አምስት መቶ ጊዜ ያጎላል የሚል ጽሑፍ አለ። በረንዳው ላይ ተከልሁት። እግሩ ዛሬ የተወለደ ጠቦት እግር ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ይንቀጠቀጣል። ጨረቃን አገኘሁ፤ ዓይኔን ሳስጠጋ ሸሸች። እንደገና አገኘሁ፤ እንደገና ሸሸች። ልጄ ሞከረች፤ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነው።

«ስንት አወጣህበት?» አልሁት።

«የስጦታ ዋጋ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሻጩ ሲያታልል ይጠየቃል።»

«ማንም አላታለለኝም። ሣጥኑ ላይ ተጽፏል።»

«ሣጥን ላይማ ምን የማይጻፍ አለ።»

«አንተ ሰው፣ ለልጅቱ ነው ያመጣሁት፤ ላንተ አይደለም!»

ልጄም ከጎኑ ቆመች። «አባ፣ ዳይ፣ በቃ! ዶድ ለኔ ነው ያመጣው።» አጎቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነበር።

ፈትቼ ሣጥኑ ውስጥ መለስሁት፤ ሣጥኑንም ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልሁት። ይህን ያደረግሁት እሱ ተቀምጦ እያየ ነው። ጨዋ ሰው ቢሆን እስኪሄድ ይጠብቅ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን መጫወቻን መሣሪያ ነው ብሎ ለልጅ የሚሰጥ ሰው፣ ሲሄድ ሳይሆን እዚሁ ሳለ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ማጉላት ብቻውን ዋጋ የለውም። ብርሃን የሚሰበስብ ሰፊ መስታወትና የማይነቃነቅ እግር ከሌለ፣ የሚጎላው መንቀጥቀጡ ነው።

ልጄን ከሀ ጀመርሁ። እኔ ራሴ ከሀ ነው የጀመርሁት፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያገኘሁትን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ፊደል በፊደል እየቆጠርሁ፣ ጎሕ ሳይቀድ የፋብሪካውን አውቶቡስ ስጠብቅ ቀና ብዬ እያነጻጸርሁ። በመጀመሪያው ወር መሣሪያ ዓይን ብቻ ነው አልኋት። የበረንዳውን መብራት አጠፋን፤ የወጥ ቤታችንን መጋረጃ አወረድን፤ ስልኳን እናቷ ዘንድ አስቀመጥን። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ አንዴ ስልክ ካበራህ ሁሉም ከንቱ ነው፣ እንደገና ትጀምራለህ። ሃያ ደቂቃ ያለ ስልክ መቀመጥ ለዚያ ትውልድ ከጾም ይከብዳል። አጉረመረመች፣ ተቀመጠች።

ሁለተኛው መሣሪያ ወንበር ነው። ሰው ይስቃል። ቆሞ አንገቱን የሚያዞር ሰው ግን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የሚያስበው ስለ አንገቱ ነው። ወደ ኋላ የሚተኛ የባሕር ዳርቻ ወንበርና ብርድ ልብስ አመጣሁ፤ እዚህ አገር የካቲት ክረምት ነው፣ ሲሚንቶው አጥንት ይበላል። ሦስተኛው፣ እንደ ወሩና እንደ ሰዓቱ የሚሽከረከር የካርቶን የኮከብ ካርታ። አራተኛው፣ ካርታውን ለማንበብ ቀይ መብራት፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደውን ዓይን ብዙ አይጎዳም። የእጅ ባትሪ መስታወት ላይ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ቀባሁበት። ጠርሙሱን ጨረስህብኝ ብላ ለሁለት ቀን ተናገረች።

ልጄ ሰባቱን ከዋክብት አወቀች፤ ኦሪዮንን በመቀነቱ አወቀች። በሰንበት መሣሪያ አንነካም ነበር፤ ሰንበት ሲወጣ ግን መውጣቱን የሚያሳዩትን ሦስቱን ኮከብ ከቤቱ ሁሉ ቀድማ የምታገኘው እሷ ሆነች። ይህን ካየሁ በኋላ ነው መነጽር የገዛሁት፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ያገለገለ፣ ባለ ሁለት ዓይን የሩቅ መነጽር። ዐሥር በሃምሳ ይባላል። ዐሥር ጊዜ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ ስፋት ሃምሳ ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ያስፈልጋል የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር አለው። ችግሩ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ለሱ የስፖንጃውን ዱላ፣ ወለል የምናጥብበትን ባለ ጎማ ዘንግ፣ አቁሜ መነጽሩን አናቱ ላይ በጨርቅ አሰርሁት። ጎማው ወለሉን ይይዛል፤ መነጽሩ ዝም ይላል።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ጁፒተር ገና በምሽቱ በምሥራቅ ይወጣ ነበር። ልጄ መነጽሩን አደላድላ አየች፤ ከጁፒተሩ ግራና ቀኝ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ነጥቦች በአንድ መሥመር ተሰልፈዋል። ጨረቃዎቹ ናቸው። በማግሥቱ ደግማ አየችና ጮኸች፤ «አባ፣ ዛዙ! ተንቀሳቅሰዋል! ትናንት ይኸኛው በዚህ በኩል ነበር!» ለትምህርት ቤት ሥራዋ እስከ ፋሲካ ልትከታተላቸው ወሰነች፤ ሌሎቹ ልጆች ከኢንተርኔት ሥዕል ሲያወርዱ እሷ በገዛ ዓይኗ ያየችውን ልታቀርብ። ከዚያ በፊት እኔና እሷ የምንነጋገረው ስለ ውጤትና ስለ ስልክ ነበር፤ ማለትም እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ በሩን ትዘጋለች። አሁን በራሷ ፈቃድ አጠገቤ ትቆማለች። ከዚህ በላይ የምሻው ነገር አልነበረኝም፤ የፈራሁትም ይህ እንዳይቋረጥ ነበር።

ጁፒተር ግን የሚወጣው ከዚያች ሴት ጣሪያ በላይ ነው። እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ። መነጽሩ ወደ ጣሪያዋ ሲያቀና ከታች ለሚያይ ሰው ወደ ወጥ ቤት መስኮቷ ያቀና ይመስላል። አንድ ምሽት መስኮቷን ከፍታ በመኪና ማቆሚያው ላይ ጮኸች።

«አንተ! ምኔን ነው የምታየው?»

«ሰማይ ነው የማየው!»

«ሰማዩ ከወጥ ቤቴ ነው እንዴ የሚጀምረው?»

በየበረንዳው የነበረ ሰው ሳቀ። ሳቁ አበሳጨኝ። «ወጥ ቤትሽንማ ከፍለሽኝም አላየው!» ብዬ መለስሁ። ባልመልስ ይሻል ነበር፤ መልሱ በአንድ ቀን ሰፈሩን ዞረ፣ ሕፃናት ከደረጃ ሥር እየተቀባበሉ ይጮሁት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ፈቀደው ሄደ። ሱቅ ውስጥ «መበለት ይጠብቃል» ተባለ። ሌላው «ቀይ መብራት አብርቶ ኮከብ ይቆጥራል፤ ጠንቋይ ሆኗል» አለ። በሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ከኋላ ወንበር፤ «ጌታው፣ የኔንም ኮከብ እይልኝ፤ ሎቶ ልሞላ ነው!» ሲል አውቶቡሱ ሙሉ ተንፈቀፈቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሲያማው ስቆ የሚያልፍ ሰው ሐሜቱን በግማሹ ፈርሞበታል።

ባለቤቴ «ሂድና አስረዳት» አለችኝ።

«ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ነው የማስረዳት?»

«ኮከብ ነው የማየው ትላታለህ። አፍህ ላይ ድንጋይ አለ?»

«እሷ ትምጣና ትይ። በረንዳው ክፍት ነው።»

እሷ አልመጣችም፤ እኔም አልሄድሁም። ነገሩ እንዲህ ደርቆ ቢቆይ ኖሮ ጁፒተር ከመስኮቷ በላይ እየቀደመ ይወጣ ነበር፤ መነጽሩም ቀና ይል፣ ጠቡም ይበርድ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ሽማግሌ ላከ። በእኔ ስም፣ እኔ ሳላውቅ።

በኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚልከው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። የበደለ ይልካል፤ የተበደለ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ምንም አላደረግሁም ለማለት ሽማግሌ የላከ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የባለቤቴ ወንድም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለሰላም ብዬ ነው አለ። ለሰላምም ይሆናል። ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለው ሣጥንም ግን አልተረሳውም ነበር፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

ሦስቱ ሽማግሎች ኮትና ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራት ፎቅ ወጥተው፣ «አጥፍቷል፤ ይቅር በይው» አሏት። እሷም «ራሱ መጥቶ ይበለኝ» አለች። በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለ ሱቁ «እሰይ፣ ማመን ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ምን እንዳመንሁ ጠየቅሁት። የዳቦውን ዋጋ ነገረኝና ዞረ።

በዚያው ቀን ምሽት ሽማግሎቹ እኔ ቤት መጡ፤ እየመሩ ወደ ሴትዮዋ ሊወስዱኝ። የባለቤቴ ወንድም ከኋላቸው ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ልጄ በረንዳው በር ላይ ቆማለች፤ ወንበሩን አዘጋጅታ ጨርሳለች።

ትልቁ ሽማግሌ «እስቲ ይህን ጉድ አሳየኝ» አሉ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኋቸውና ዱላውን በጉልበታቸው መካከል አቆምሁላቸው።

«ምን ያያሉ?»

«ብርሃን። ይዘላል።»

«እርስዎ ነዎት የሚያዘልሉት፤ ዱላውን ወለሉ ላይ ያስደግፉት።»

ባለቤቴ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዲህ አይባልም። እሳቸው ግን መነጽሩን በራሳቸው እጅ ወደ ሴትዮዋ መስኮት ዝቅ አደረጉት።

«ይኸ ደግሞ... ድስት ነው? ክዳኑ ቀይ ነው።» መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ያያል።»

«ያያል።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ምን ዋሸች?»

«ማየት የሚችል ነገር ይዤያለሁ። አላየሁም። ቢላዋ በየቤታችን አለ፤ ሁላችንም ነፍሰ ገዳይ ነን?»

«እሱን ተወው። አጥፍቻለሁ ብለህ ልከኸናል፤ ተነሥ እንሂድና በአንድ ቃል ይለቅ።»

«እኔ አልላክኋችሁም።»

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ጥጉን አዩ። የባለቤቴ ወንድም ወለሉን ያያል። ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደተቋጠረ የገባኝ። ላክሁ ብል ያላደረግሁትን አደረግሁ ማለቴ ነው፤ ስሜ በልጄ ፊት ይሄዳል። አልላክሁም ብል ሦስት ሽማግሌ ያልተላከ ቃል ይዞ የሰው ቤት ገባ ማለቴ ነው፤ የነሱ ስም ይሄዳል።

ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው «በስምህ ነው የመጣነው፤ ይህን ቃል መልሰህ ዋጠው» አሉኝ።

ልጄ ከበሩ ላይ «አባ» አለች። «ስሊኻ፣ ይቅርታ፣ በልና ይለቅ፤ ቤሴዴር፣ እሺ? ደመና እየመጣ ነው።»

«ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ልበል?»

«ስሊኻ ማለት አድርጌያለሁ ማለት አይደለም እኮ።»

«በኛ ዘንድ ነው።»

«እኔስ ከነማን ነኝ?» አለች።

ለሽማግሎቹ ነው የመለስሁት። «አልላክኋችሁም። የላካችሁ ያ ነው» ብዬ በጣቴ አሳየሁ።

ተነሡ። ባለቤቴ ያቀረበችውን አልቀመሱም። ትልቁ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «ጠጉሬ እስኪነጣ ሸምግዬ ውሸታም ያለኝ የለም። አንተ ዛሬ አልኸኝ» አሉ። የባለቤቴ ወንድም መጨረሻ ወጣ፤ ከደረጃው ተመልሶ መጣና «ቴሌስኮፔን አውርድልኝ» አለ። አወረድሁለት። ሣጥኑን አቅፎ ከሽማግሎቹ ኋላ ሲወርድ ሳተርን በክንዱ ሥር ይታይ ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ ባለቤቴ ኬክ ገዝታ በየሽማግሎቹ ቤት እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች፤ በራሷ ስም እንጂ በእኔ እንዳይሆን አስጠነቀቅኋት። ልጄ በረንዳውን ተወችው። እኔ ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ መነጽሩ ዱላው ላይ እንደታሰረ ግድግዳ ተደግፏል። እውነት ተናግሬ ይህን አገኘሁ። ዋሽቼ ብሆን ኖሮ ከልጄ ጋር ጁፒተርን አይ ነበር፤ ግን ልጄ የምታየው ሰው እኔ አልሆንም ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አጽናንቶኛል ብል ግን እዋሻለሁ።

አንድ ምሽት ልጄ ወደ በረንዳው ወጣች። ደስ አለኝ። ምንም ሳትለኝ ዱላውን ከነመነጽሩ አንሥታ ወጣች። የታችኛው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን ስታቋርጥ አየኋት፤ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። ወደ ሴትዮዋ ሕንፃ ገባች።

ምን እንዳለቻት የነገረችኝ እናቷ ናት። «ብዙውን ጊዜ በመነጽሩ የማየው እኔ ነበርሁ፤ መብራቱንም የማበራው እኔ ነኝ። ስላስፈራሁሽ ስሊኻ። ነይና እይው» አለቻት። ሴትዮዋ አየች። የሷ ቤት በጀርባው በኩል ሌላ በረንዳ አለው፤ ወደ ሜዳው ይዞራል፣ ሕንፃ የለም፣ መብራት የለም። ከኛ በረንዳ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይሻላል፤ ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ልጄ ጨረቃዎቹን የምትከታተለው ከዚያ ሆነ።

ሴትዮዋ ግን ሱቅ ገብታ «ያ ሰውዬ ኮከብ ነበር የሚያየው» አላለችም። ለልጄ መንገድ ሰጠች፤ ለእኔ ቃል አልሰጠችም። ሐሜት ሲሄድ በየቤቱ ይገባል፤ የሚመልሰው ግን የለም። ወጥ ቤቷ ላይ አዲስ የአሉሚኒየም መዝጊያ አሠራች፤ ልጄ እቤቷ እየገባች እየወጣች መዝጊያው በእኔ ፊት ይወርዳል። በመኪና ማቆሚያው ስንገናኝ አንገናኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ዛሬም እነዚያ ሽማግሎች በእኔ አልተላኩም።

ከፋሲካ በፊት ልጄ ሥራዋን ለክፍሏ አቀረበች። ባለቤቴ ሄደች። ሴትዮዋም ሄደች፤ አጨበጨበች አሉ። እኔ የሰማሁት ከፋብሪካ ስመለስ ነው፤ ተራዬን እንድለዋወጥ የነገረኝ አልነበረም። ምሽት ምሽት ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጀርባዬን ለዚያ ሕንፃ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር። በጁፒተር በኩል መዞር አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደዚያ ካዞርሁ አየ እባላለሁ። ከኔ ጣሪያ በላይ ያለውን ቁራጭ ሰማይ፣ በዓይኔ ብቻ፣ ለመጀመሪያው ወር ለልጄ እንዳዘዝሁት አየሁ።

ሒሳቡን ኋላ ነው የደመርሁት፤ የማንንም ሳልቀንስ። ሴትዮዋ ለመዝጊያው አንድ ሺህ አራት መቶ ከፍላለች፤ ልጄ ነገረችኝ። የባለቤቴ ወንድም ለቴሌስኮፑ ሦስት መቶ ሃምሳ አውጥቶ ሱቁ የተከፈተ ሣጥን አልመልስም አለው፤ ሽማግሎቹን በታክሲ ሲያመላልስ ደግሞ መቶ ሃያ ሄዷል። የባለቤቴ ኬኮች ዘጠና፣ የጥፍር ቀለሟ ዐሥር። የኔ መነጽር ሁለት መቶ፣ ወንበሩ ስድሳ፣ ካርታው አርባ አምስት፤ ያኛው ዱላ ስላልተመለሰ ወለል ማጠቢያ ሌላ ዱላ ሃያ አምስት። ሁሉም ሲደመር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሼቄል።